ከ«ሁለት» በላይ መቁጠር የማይሹ

«ያ ሰውዬ እኮ የሞተው በ1988 ነው!» አለኝ ወዳጄ፣ የማኪያቶ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 መጀመሪያ፣ አስዋድ የተባለው የለንደን የሬጌ ቡድን ከበሮ መቺና ድምፃዊ አንገስ ጌይ፣ አድናቂዎቹ «ድራሚ ዜብ» የሚሉት፣ በ62 ዓመቱ ማረፉ በተሰማ ሰሞን ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይያዝልኝ፤ የሸክላ ወሬ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ መጠፋፋታችን ነው። እንግዲህ በአገራችን ደንብ ሰው ሲሞት «ነፍሱን ይማር» ይባላል እንጂ የሞተበት ዓመት አይታረምም። ወዳጄ ግን አረመው። ለምን 1988 እንዳለ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ አስዋድ «ዶንት ተርን አራውንድ» በተባለው የፍቅር ዘፈን በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣበት ዓመት ነው። ለወዳጄ ያ ቀን የቡድኑ የቀብር ቀን ነው።

የእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማኪያቶው ላይ ስኳር ጨምሬ ባለፍኩት። ግን የእሱ ብቻ አይደለም። የአስዋድ ነገር በተነሣ ቁጥር፣ ለንደንም ይሁን አዲስ አበባ፣ ሸክላ ሰብሳቢው ሁሉ እንደ ዳዊት የሚደግማት አንዲት ፍርድ አለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች «እውነተኛ» ናቸው፤ እስከ 1983 ያሉት «ይሁን፣ ይደመጣሉ»፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ «የተሸጠ» ነው። ፍርዷ አጭር ናት፤ ይግባኝም የላት። እኔ ግን ይግባኝ እላለሁ። ፍርዱ በጆሮ የተሰጠ አይመስለኝምና።

መቼም በእኛ አገር ሬጌ ማለት ቦብ ማርሊ ነው። ከብሪታንያ ጥሩ ቢባል ዩቢ ፎርቲ ይጠራል፤ ጠለቅ ያለው ስቲል ፐልስን ይጨምራል። አስዋድ ግን፣ ዘፈኑን ሰምተውት እንኳ ስሙን የማያውቁት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በአጭሩ ላስተዋውቅ። ቡድኑ የተመሠረተው በ1975 በምዕራብ ለንደን፣ ላድብሮክ ግሮቭ በሚባለው ሰፈር ነው። አባላቱ ከካሪቢያን አካባቢ ፈልሰው ብሪታንያ የገቡ ሰዎች ልጆች ነበሩ። «አስዋድ» በዐረብኛ «ጥቁር» ማለት ነው። ጊታር እየመታ የሚዘፍነው ብሪንስሊ ፎርድ ቀድሞ በልጆች የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ላይ ይተውን የነበረ ነው፤ ከበሮ መቺው አንገስ ጌይ ደግሞ ያኔ ገና የ16 ዓመት ጎረምሳ። በ1976 የቡድኑን ስም የያዘው የመጀመሪያ አልበም በአይላንድ ኩባንያ ወጣ፤ ቦብ ማርሊን ያሳተመው ኩባንያ ማለት ነው። በውስጡ «ኢትዮፒያን ራፕሶዲ» የሚል በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ቅንብር ይገኛል። በዓመቱ፣ በ1977፣ ጃማይካዊው በርኒንግ ስፒር ለንደን መጥቶ ሬይንቦ ቲያትር ሲጫወት ያጀቡት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ ቀረጻው በሸክላ ወጥቷል።

ከዚያም በ1970ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛው አልበም መጣ። ርእሱ «ሁለት» ነው።

አዎን፣ የእኛው ሁለት! ሕፃን በጣቱ ሲቆጥር የሚላት ሁለት። በላቲን ፊደል ስለተጻፈች ፈረንጁ እንደ ምሥጢር ቃል አጣሞ ያነባታል፤ እኛ ግን ትርጓሜ አያሻንም። ራስ ተፈሪያውያን አማርኛን እንደ ቅዱስ ቋንቋ ማየታቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ «አቢሲኒያንስ» የተባሉት ጃማይካውያን በ1969 የቀረጹትን ዝነኛ መዝሙራቸውን «ሳታ ማሳጋና» ብለው የሰየሙት ከእኛው «ምስጋና» ወስደው ነው። ሰዋስዉ ባይሰካም ፍቅሩ ይሰማል።

ዘመኑን ግን ልብ በሉልኝ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1974 ከዙፋን ወርደዋል፣ በ1975 ሞተዋል። አዲስ አበባ ላይ በ1977 እና በ1978 ቀይ ሽብር ነው፤ የአስዋድ ልጆች ዕድሜ እኩዮች በየመንገዱ ተረሽነው እናት እንዳታለቅስ የተከለከለችበት ጊዜ። በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ ፖሊስ በ1824 የወጣ አሮጌ ሕግ መዝዞ፣ ጥቁር ወጣት «አጠራጠረኝ» ብሎ ብቻ ከመንገድ ያፍስ ነበር። ያ የሕጉ አንቀጽ የተሻረው በ1981 ነው። «ሁለት» አልበም ውስጥ «በመንገድ መሄድ አልተቻለም» እና «ጥፋተኛ አይደለሁም» የሚል ትርጉም ያላቸው ርእሶች የሚገኙት በከንቱ አይደለም። እነዚያ ልጆች ከመንገድ ሲታፈሱ ተስፋቸውን በአማርኛ ቃል ይጠሩ ነበር፤ ተስፋ ያደረጉባት ከተማ ልጆችም ከመንገድ ይታፈሱ ነበር። በዚህ ላይ መሣቅም ማልቀስም ይቻላል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬአለሁ።

ወዳጄ የዚህ ሸክላ ባለቤት ነው። አያውስም። ጓንት አጥልቆ ነው የሚያወጣው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ከዚያ ብዙም አይርቅም። «ንጹሕ ሩትስ ማለት ይህ ነው፤ ምንም ያልተቀላቀለበት» ይላል። እዚህ ላይ ነው ጆሮውን የምጠረጥረው። «ሁለት» ንጹሕ ነው? በምን ሚዛን? የባስ ጊታሩን የሚመታው ጆርጅ ኦባን ነው። ጣቶቹ በአንድ ሐረግ ላይ ረግተው እንደ ጃማይካው ሬጌ ባስ ወለሉን አይደበድቡም፤ ይንከራተታሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ እንደ ጃዝ ተጫዋች ጣት ያወራሉ። ቅንብሮቹ መንገዳቸውን ይለውጣሉ። ይህ በምዕራብ ለንደን አየር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ሁሉ ሲሰሙ ያደጉ ልጆች የሠሩት ድብልቅ ነው፤ ውበቱም ድብልቅነቱ ነው። በ1988 «ቀላቀሉ» ተብለው የተወገዙት ሰዎች ከመጀመሪያው ቀላቃዮች ነበሩ! አድናቂው ድብልቁን የሚወደው ሠላሳና አርባ ዓመት ከሞላው በኋላ ይመስላል፤ ያኔ «ንጹሕ» ይባላል።

«እሺ፣ የፍቅሩ ዘፈንስ?» ይለኛል። የፍቅሩ ዘፈን ሁለተኛው ክሳቸው ነው። አመፀኛ የነበረ ቡድን ተንበርክኮ የልብ ስብራት ዘፈነ ነው ነገሩ። እንግዲህ ወደ 1981 እንሂድ። ያ ዓመት በለንደን የብሪክስተን ሰፈር በሚያዝያ የተቃጠለበት ዓመት ነው። አስዋድ ያኔ ከአይላንድ ወጥተው በሲቢኤስ ኩባንያ «ኒው ቻፕተር» የሚለውን አልበም አወጡ። ኦባን ሄዷል፤ ኪቦርድ ይጫወት የነበረው ቶኒ ጋድ ባሱን ይዟል። አልበሙ የሚከፈተው «አፍሪካን ቺልድረን» በሚለው፣ በሲሚንቶ ፎቅ ላይ ተቆልለው ስለሚያድጉ የለንደን ጥቁር ልጆች በሚያወራው ዘፈን ነው። በዚህ ዘፈን ላይ ከሳሽም ተከሳሽም ይስማማል። ግን እዚያው አልበም ውስጥ፣ ከዚያው ዘፈን ጥቂት ራቅ ብሎ፣ «አፈቅርሻለሁ፤ ማፍቀሬንም አልተውም» የሚል ዘፈን አለ። በ1976ቱ አልበምም ውስጥ ስለ አንዲት ደግ ሴት የተዘፈነ አለ። ሰብሳቢዎቻችን እነዚህን ሲያደምጡ ምን ያደርጋሉ? መርፌውን አንሥተው ያሳልፉታል?

የበለጠ የሚያስቀኝ ደግሞ ይኸውና። በዚሁ በ1981ዱ አልበም መደምደሚያ ላይ «ላቭ ፋየር» የሚል ዘፈን አለ። በእኔ ጆሮ የአስዋድ ትልቁ ሥራ ነው። ባሱ በቀስታ ይራመዳል፤ ከበሮው አይቸኩልም፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰልፍ ቀረብ ይሉና ይመለሳሉ። ያን የሙዚቃ መደብ ጃማይካዊው ዴኒስ ብራውን ወስዶ «ፕሮሚስድ ላንድ»ን ዘፈነበት፤ ወደ ተስፋዪቱ ምድር፣ ወደ አፍሪካ ስለመመለስ የሚያወሳውን፣ ራስ ተፈሪያኑ ሁሉ ቆሞ የሚሰማውን። አስተውሉ እንግዲህ! ርእሱ የፍቅር እሳት የሆነው ዘፈን ገላ ላይ ነው የተስፋዪቱ ምድር መዝሙር የበቀለው። ባሱ ፍቅርና ትግልን አይለይም። የሚለየው ሸክላውን በፊደል ተራ የሚደረድረው ሰው ነው።

በዓመቱ የዚያ አልበም የደብ ቅጂ፣ ማለትም ድምፃዊው ተቀንሶ ባስና ከበሮው በማስተጋቢያ የተዘረዘረበት፣ «ኤ ኒው ቻፕተር ኦፍ ደብ» በሚል ወጣ። ጓደኞቼን ማስቀየም ካለብኝ ላስቀይም፤ ከ«ሁለት» ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ። በ1983 በኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ላይ የተቀረጸው «ላይቭ ኤንድ ዳይሬክት» ደግሞ ለብቻ አይደመጥም፤ ቤት ሙሉ ሰው ይፈልጋል። «ኖት ሳቲስፋይድ» እና «ሬብል ሶልስ» ላይ ጊዜ አላጠፋም፤ ጥሩ ጥሩ ዘፈኖች አሏቸው፣ ከዚያ አያልፉም።

በ1980 የወጣውን «ዋሪየር ቻርጅ»ን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ብሪንስሊ ፎርድ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተበት፣ ፍራንኮ ሮሶ ያዘጋጀው «ባቢሎን» የሚል ፊልም በዚያው ዓመት ወጥቷል፤ በደቡብ ለንደን ስለሚኖሩ የድምፅ ማጉያ ጨዋታ ወጣቶች ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው በ2019 ነው፤ ከ39 ዓመት በኋላ! የፊልሙ ማብቂያ ላይ ያ የትንፋሽ መሣሪያ ዜማ ሲነሣ ያልተነሣ ሰው ጤንነቱን ይመርመር። ከአስዋድ ጋር ለዓመታት ትራምፔት የነፋው ኤዲ «ታን ታን» ቶርንተን፣ በ1966 ቢትልሶች «ጎት ቱ ጌት ዩ ኢንቱ ማይ ላይፍ»ን ሲቀርጹም ትራምፔት የነፋ ሰው ነው። «ያልተቀላቀለ» ፈላጊዎች ይህን እንዴት እንደሚያደርጉት አላውቅም።

የዚያ ፊልም ሙዚቃ አቀናባሪ ዴኒስ ቦቬል ነው፤ ማቱምቢ የተባለው የብሪታንያ የሬጌ ቡድን መሪ የነበረው። ይኸው ሰው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ጃኔት ኬይ የዘፈነችውን «ሲሊ ጌምስ» አዘጋጅቶ፣ ዘፈኑ በሰንጠረዡ ሁለተኛ ወጥቷል። «ሲሊ ጌምስ» ላቨርስ ሮክ ከሚባለው፣ ለንደን ውስጥ ከተወለደው የፍቅር ሬጌ ወገን ነው። ላቨርስ ሮክን ያነገሡት፣ የዘፈኑትም፣ ሸክላውን የገዙትም፣ ቅዳሜ ማታ በየቤቱ የጨፈሩበትም በብዛት ወጣት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። «የአስዋድ አድናቂዎች እንዲህ ይላሉ» ሲባል አድናቂ የሚባለው ማን ነው? ሳምንቱን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ስታስታምም ከርማ ዓርብ ማታ «ዶንት ተርን አራውንድ»ን እየሰማች ብቻዋን የደነሰችው ሴት አድናቂ አይደለችም? ወይስ አድናቂ ማለት አቧራ የሚጠርግ፣ የሸክላውን የኅትመት ቁጥር የሚሸመድድ ወንድ ብቻ ነው? ስለ ሙዚቃ የሚከራከሩበትን ጠረጴዛ ዞር ብዬ ሳይ፣ የኛንም ጭምር፣ ሴት የለችበትም። የፍቅር ዘፈን ክህደት የሚሆነው እንዲህ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ደግሞስ ዘፈኑ! «ዶንት ተርን አራውንድ»ን የጻፉት አልበርት ሐመንድና ዳያን ዋረን ናቸው፤ መጀመሪያ በ1986 ቲና ተርነር ዘፈነችው፣ ከሌላ ዘፈን ጀርባ ተቀምጦ ቀረ። ሰውየው የምትሄድበትን ሴት «ዞረሽ አትዪኝ» ይላታል፤ የልቡን ስብራት እንድታይበት አይሻም። አስዋድ ከተጣለበት አነሡት፤ ድራሚ ዜብ ዘፈነው። ድምፁን ስሙት፤ አይለማመጥም፣ አያለቅስም። ያ ኩራት ከየት መጣ? «ጥፋተኛ አይደለሁም» ሲሉ ከነበሩበት ሰፈር ነው የመጣው።

ሚዛን እንዳላጎድል ልናገር። ዘፈኑ የሚገኝበት «ዲስታንት ተንደር» የሚባለው የ1988 አልበም ድምፁ አይጥመኝም። ከበሮው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። በዓለም ላይ ካሉት ምርጥ ከበሮ መቺዎች አንዱ ቁጭ ብሎ በማሽን የተወለወለ ምት መስማት ያናድዳል። ባሱም ጓዳ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ካሉትም ውስጥ የ1990ው «ቱ ዊክድ» ይብስበታል። የ1994ቱ «ሻይን» በሰንጠረዡ አምስተኛ የወጣ ደስ የሚል ዘፈን ነው፤ አብሮት ያለውን ሁሉ ግን ዛሬ ቁጭ ብዬ አላደምጥም። ወዳጄ «ቅንብሩ ተበላሸ» ቢለኝ ኖሮ እጁን ጨብጬ ሌላ ማኪያቶ ባዘዝኩለት። እሱ ግን «ሞተ» ነው ያለው። ቅንብር ላይ መፍረድ የአድማጭ መብት ነው። በሰውዬው ሕይወት ላይ የመፍረድ መብት ግን ከሸክላው ጋር አብሮ አይሸጥም።

ለመሆኑ ምን እንዲያደርጉ ነው የተፈለገው? የሬጌ ሸክላ የሚሸጥባቸው የጥቁሮች ሱቆች ብዙዎቹ በሽያጭ ሰንጠረዡ በማይቆጠሩበት፣ ሬዲዮው ሬጌን በጭልፋ በሚያጫውትበት አገር፣ ትንፋሽ ነፊዎችን ጨምሮ ስምንት ዘጠኝ ሰው ይዞ መዞር እንጀራ ይጠይቃል። ከ1976 እስከ 1988 ድረስ 12 ዓመት ነው። 12 ዓመት ሙሉ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ሲንከራተቱ፣ በራሳቸው መለያ ሲያሳትሙ ቆይተው አንድ ቀን ሩ ቢደላቸው፣ ፎቅ ላይ ሆኖ የሚያያቸው አድናቂ ተቆጣ። መከራቸውን ነበር የወደደው። ፖሊስ ሲደበድባቸው የዘፈኑትን ከፍ ባለ ዋጋ ይገዛል፤ ደልቷቸው የዘፈኑትን በነፃም አይወስድ። ታዲያ ይህ ፍቅር ነው?

እኛ አዲስ አበቤዎች ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን። በእኛም ላይ ተደርጓልና። ከ1997 ጀምሮ «ኤትዮፒክስ» በሚል ስም የአሮጌ ሸክላዎቻችን ስብስብ ፓሪስ ውስጥ ሲታተም ደስ ብሎናል፤ አምሃ እሸቴ በ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን የመሰሉ ሥራዎች ከመጥፋት ተርፈዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን አብሮ አንድ ወሬ መጣ። «ወርቃማው ዘመን» ከ1960ዎቹ ማብቂያ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ኪቦርድና ርካሽ ካሴት ነው የሚል። ስንት የውጭ አገር ሙዚቃ ወዳድ አግኝቼ የእናቴን የሰርግ ካሴት፣ እኔ ያደግሁበትን፣ በትሕትና ፈገግ ብሎ ሲያልፈው አይቻለሁ! ያኔ ደሜ ይፈላል። «አንተ የምትወደው ዘመን በሰዓት እላፊና በሽብር ነው የተቋረጠው፤ ሰዎቹ ግን መዝፈን አላቆሙም፣ በተገኘው መሣሪያ ቀጠሉ» እላለሁ። ወዳጄም ያኔ አብሮኝ ይቆጣል። ጠረጴዛ ይደበድባል። በማግስቱ ደግሞ ስለ ለንደን ልጆች ያንኑ የፈረንጅ ፍርድ ቃል በቃል ይደግመዋል።

ይህንኑ ነግሬዋለሁ። ዝም አለ፤ ከዚያ «የእኛ ይለያል» አለ። እንዴት እንደሚለይ ገና አልነገረኝም።

ይህን ጽሑፍ ጀምሬ እንደነበር ሳጫውተው «ጻፈው፣ አንተ ምን ቸገረህ፤ ‹ሁለት›ን ግን አላውስህም» አለኝ። አላዋሰኝምም። እኔም ባለፈው ወር ቤቱ ምሳ ጠርቶኝ፣ ለጨው ብሎ ወደ ጓዳ ሲገባ፣ ከለንደን የመጣች ዘመዴ የሰጠችኝን «ዲስታንት ተንደር» ከቦርሳዬ አውጥቼ ከ«ሁለት» ጎን ሰክቼው መጣሁ። እስካሁን ምንም አላለኝም። ወይ አላገኘውም፣ ወይ አግኝቶ ዝም ብሏል።